ያነሣ፣ ያስነሣ፣ አይቶም ዝም ያለ

ሮተርዳም፣ ጥቅምት 8 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለቄሰ ገበዝ ክንፈሚካኤል
ጎሽ ውኃ ሚካኤል፣ ቡሬ

እንደምን ከረሙልኝ? መስቀልዎን ከሩቅ ሆኜ እሳለማለሁ። እናቴስ እንዴት ናት? ጉልበቷን ያማት ነበር፤ ተሻላት? አዝመራው፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ በእርስዎ ጸሎት ደኅና ነኝ።

በመስከረሙ ምረቃ ላይ ባለመገኘቴ እስካሁን ይቆጨኛል። ቪዲዮውን ግን ቢሮ ውስጥ ከአለቆቼ ጋር አይተነዋል። ጥላ ተይዞልዎ ኩባንያችን ያቆመውን በጋዝ የሚሠራ የመብራት ማመንጫ በር ሲባርኩ ሁሉም አጨበጨበ። «አጎቴ ናቸው» ብዬ ኮራሁ።

አሁን የምጽፍልዎ ለአንድ ጉዳይ ነው። ጋዙን ከጅቡቲ የሚያመላልሱት ቦቴዎች ውል ገና ስላላለቀ ማመንጫው ለጥቂት ወራት ቆሞ ይቆያል። ለፋሲካ ግን ያለ ጥርጥር ይነሣል፤ መብራቱም በገባነው ቃል መሠረት መጀመሪያ ለእናንተ ይደርሳል። እስከዚያው ሰዎች ብሎንና ሽቦ እየፈቱ እንደሚወስዱ ከቡሬ ተነግሮናል። ዘበኛ ቢቀጠር ዘበኛውም የሰፈር ሰው ነው፤ አብሮ ይፈታል። እኔም በስብሰባ ላይ «አገሬን አውቃለሁ፤ አጎቴ አንድ ቃል ቢናገሩ ከዘበኛ ሁሉ ይበልጣል» አልኩ። ስለዚህ በኅዳር ሚካኤል ሕዝቡ ሲሰበሰብ ቢገዝቱልን? ያነሣ ብቻ ሳይሆን ያስነሣም፣ አይቶ ዝም ያለም ቢጨመርበት ጥሩ ነው። ካልሆነ አንዱ ለአንዱ እየሸፈነ ይወስዱታል።

ማመንጫው የቆመበት የፈረስ መዋያ መስክ የሕዝቡ የግጦሽ መሬት እንደነበረ አልረሳሁም። ያኔ አስተርጓሚ ሆኜ ቆሜ «ሣሩን ሰጥታችሁ መብራት ትወስዳላችሁ» ያልኩት እኔ ነኝ። ቃሌን እጠብቃለሁ።

ልጅዎ ባምላኩ


ጎሽ ውኃ ሚካኤል፣ ኅዳር 15 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለእኅቴ ልጅ ለባምላኩ

ሰላመ እግዚአብሔር ካለህበት ይድረስህ። ቅዱስ ሚካኤል በወጣህ በገባህ አይለይህ። እኛ ተመስገን ደኅና ነን፤ በቆሎው ገብቷል፣ ጤፉም እየደረሰ ነው። የእናትህ የታንጉት ጉልበት ዝናቡ ሲያባራ ቀለል ብሏታል። ደብዳቤህን አንብቤላት ስጨርስ «መቸ ይመጣል ነው የሚለው?» አለችኝ። እንዳልጻፍኸው ነገርኋት። «ደግመህ እየው እስኪ» አለች።

ያልኸውን አድርጌያለሁ። በሚካኤል ዕለት መስቀሌን ይዤ ቆምሁና «መብራቱ ለሕዝቡ እስኪበራ ድረስ ከፈረስ መዋያ አጥር ውስጥ ብሎን ትሁን ሽቦ፣ እንጨት ትሁን ሣር፣ ያነሣ፣ ያስነሣ፣ አይቶም ዝም ያለ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ሥልጣን የተገዘተ ይሁን» አልሁ። ሣሩን የጨመርሁት እኔ ነኝ፤ ሣር ላጭድ ብሎ ገብቶ ብሎን ይዞ የሚወጣ እንዳይኖር ብዬ ነው። ሰዉም «አሜን» አለ። በማግሥቱ አጥሩ ሥር የብሎን ክምር፣ ጥቅል ሽቦ፣ የሽንት ቤት በር ሳይቀር ተቀምጦ ተገኘ። ማን እንዳመጣው አልጠየቅንም።

ምረቃውን በቪዲዮ አይተህ ደስ ካለህ መልካም። ቪዲዮው ያላሳየህን ደግሞ እኔ ልንገርህ። መብራቱ የበራው እንግዶቹ ሥጋቸውን እየቆረጡ ሳሉ ነው። ከድንኳኑ ጀርባ ይንደቀደቅ የነበረው ግን ከፍኖተ ሰላም በኪራይ የመጣ የናፍጣ ጄኔሬተር ነው። ጭሱ ካባዬ ላይ አለ፤ ቢታጠብም አልለቀቀም። የጋዝ ማመንጫ ባርክ ተብዬ ሄጄ የሰው ጄኔሬተር ባርኬ ተመለስሁ። እንግዶቹ መኪናቸው ውስጥ ሳይገቡ ጠፋ፤ ጭነው ወሰዱት። አለቆችህ ይህን አያውቁ ይሆናል፤ ንገራቸው።

ጋዙ መቼ እንደሚመጣ ቁርጡን ጻፍልኝ። የገዘትሁት እኔ ነኝና ሰው የሚጠይቀውም እኔን ነው።

አጎትህ ቄስ ክንፈሚካኤል


ሮተርዳም፣ ሰኔ 3 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ ይህ ክፉ በሽታ ከደጃችሁ ይራቅ። እዚህ ሰው በየቤቱ ተዘግቶ ነው ያለው። መልስ ያዘገየሁትም በዚሁ ነውና ይቅር ይበሉኝ። የጋዙ ነገርም አብሮ ቆሟል፤ ከክረምት በኋላ ይሻሻላል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። የጄኔሬተሩን ጉዳይ ለሥራ አስኪያጁ አንሥቼለት ነበር። «ለመጠባበቂያ የቆመ ነው» አለኝ።

ግዝቱ እንደጸና ነው? አለቆቼ በጣም ተደንቀዋል። ሪፖርቱ ላይ «የጥበቃ ወጪ፦ የለም» ብዬ ስጽፍ ሳቁና «እንዲህ ያለ አጥር በዓለም ላይ የለም» አሉ። እኔም ደስ አለኝ።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ብድሩን የሰጡት ሰዎች ሕዝቡ መጠቀሙን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ይፈልጋሉ። ሴቶች፣ በተለይ ሴቶች፣ ከአምፖል ጋር ቢሆኑ ይመረጣል። እናቴም ብትኖርበት ደስ ይለኛል። መብራቱ ባይበራም ችግር የለውም፤ ቀን ስለሚነሣ አይታወቅም።

ልጅዎ ባምላኩ


ጎሽ ውኃ ሚካኤል፣ ነሐሴ 20 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለባምላኩ

ሰላም ላንተ ይሁን። እኛን በሽታው እስካሁን አልነካንም፤ አምላክ ይመስገን።

ፎቶውን ከእኔ አትጠብቅ። ደብዳቤህ ከመድረሱ በፊት ከከተማ የመጡ ሰዎች አንሥተውታል። ሴቶቹን ሰልፍ አስይዘው እያንዳንዷ እጅ ላይ አምፖል አስቀመጡ። እናትህም ይዛ ቆመች። አንሥተው ሲጨርሱ አምፖሎቹን እየቆጠሩ ተቀብለው በካርቶናቸው መልሰው ሄዱ። እናትህ «የሚሰጡን መስሎኝ ቀሚሴን ቀይሬ ወጥቸ ነበር» አለችኝ። ቀፈፈኝ። ከዚያ በኋላ አንተ ጽፈኸው ሳየው ደግሞ ባሰብኝ። እነሱ እናትህን አያውቋትም፤ አንተ ግን ታውቃታለህ።

አብሮህ ፊደል የቆጠረውን ጓደኛህን እንዳለውን አትረሳውም መቼም። ከግዝቱ በፊት ከግቢው ብረት አንሥቶ ማረሻ አሠርቶበት ኖሯል። ሌላው ሲመልስ እሱ አፍሮ ደብቆ ቆየ። ሰኔ ላይ ልጁ ታመመችበት። ያን ጊዜ ማረሻውን ከእርፉ አውልቆ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየው ወስዶ አጥሩ ላይ በጠፍር አንጠለጠለው። በሰኔ ማረሻ ማውለቅ ምን ማለት እንደሆነ የገበሬ ልጅ ነህና አልነግርህም። ክረምቱን በሰው ማረሻ፣ ባለቤቱ እስኪያርፍ እየጠበቀ አረሰ። የእናንተ «የጥበቃ ወጪ» ይኸ ነው። የለም ብለህ ከጻፍህ አስተካክለው።

አሁን የምለምንህ ስለ ሣሩ ነው። በአጥሩ ውስጥ ወገብ ደርሷል። ከብቱ ደጅ ቆሞ አንገቱን በሽቦው መሐል ያስገባል፤ ሰው ከብቱን እየመታ ይመልሳል። መስኩ በሰው እጅ ነውና ያዡ ሳይፈቅድ የሣሩን ግዝት ብቻዬን ልፈታ አይገባኝም። አለቆችህ «ሣሩን እጨዱ» የምትል አንዲት ቃል ይጻፉ። ጋዙን ትቼዋለሁ። ሣሩን ብቻ ነው የምለው።

ቄስ ክንፈሚካኤል


ሮተርዳም፣ ጥር 17 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

እግዚአብሔር ለአገራችን ሰላሙን ያውርድ፤ እናንተንም በያላችሁበት ይጠብቅ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ እጅግ ዘግይቶ ነው። ከዚያም ጦርነቱ መጣ፣ እኔም በሥራ ተወጠርኩ።

የሣሩን ነገር ለሚመለከታቸው አቅርቤ ነበር። ጠበቆቹ ግን «ሣሩን ከፈቀድን መሬቱን መልሰን የሰጠን ያስመስላል፤ ከመንግሥት ካሳ በምንጠይቅበት ጊዜ ይጎዳናል» አሉ። ለጊዜው ባለበት ይቆይ። እርስዎ አስተዋይ ነዎት፤ ለሕዝቡ በጥሩ ቃል ያስረዱልኛል።

ግዝቱን ግን እንዳይፈቱብኝ አደራ እላለሁ። እውነቱን ለመናገር የእኔ ሥራ የቆመው በእሱ ላይ ነው። «የአካባቢው ሰው ነው፣ ንብረታችንን አስጠብቆልናል» እየተባልኩ ነው የቆየሁት እንጂ ብዙዎቹ ባልደረቦቼ ተሰናብተዋል።

ለእናቴ በሰው እጅ ሹራብ ልኬያለሁ። ጥሩ ሱፍ ነው፤ ለጉልበቷም ይሞቃታል።

ልጅዎ ባምላኩ


ጎሽ ውኃ ሚካኤል፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለባምላኩ

ሹራቡ ደርሷል። እናትህ ለብሳዋለች፤ ሰፍቷታል። አንተ የምታውቃት ያኔ ስትሄድ የነበረችውን ነው።

«ካሳ» የምትለዋን ቃል ተመልሼ አነበብኋት። መስክ የሰጠን እኛ፣ መብራት ያላየን እኛ፤ ካሳ ጠያቂው ኩባንያህ። አንገሸገሸኝ። አንተም ይህን በጥሩ ቃል አስረዳልኝ ትለኛለህ። ለዚህ የሚሆን ጥሩ ቃል የለኝም፤ ካለህ ላክልኝ።

ሣሩ ደርቆ ቆሞ ሳለ የካቲት ላይ እሳት ገባበትና ነደደ። የእኛ ሰው አጥሩን ይዞ ቆሞ አየ። ላጥፋው ብሎ የገባ እንኳ የለም፤ ፈርተው ነው።

ግዝቱን አልፈታሁም። ስለ አንተ እንጀራ ስል ነው እንጅ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ክንፈሚካኤል


ሮተርዳም፣ ግንቦት 2 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ

ጤና ይስጥልኝ። በአጭሩ ነው የምጽፈው። በሚቀጥለው ወር ከባድ መኪኖችና ክሬን ወደ ግቢው ይመጣሉ። ለጥገና ነው። ማሽኑን አውጥተው አድሰው ይመልሱታል። ሕዝቡ እንዳይደናገጥ እርስዎ አስቀድመው ቢነግሩልኝ፤ የእርስዎን ቃል ይሰማሉ። ግዝቱ እነሱን አይመለከትም፤ ባለቤቶቹ ናቸው።

እናቴን ሰላም ይበሉልኝ።

ባምላኩ


ጎሽ ውኃ ሚካኤል፣ መስከረም 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባምላኩ

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረህ። መንገዱም ፖስታ ቤቱም ስልኩም ተዘግቶ ስለኖረ የካቻምናውን ነገር ዛሬ ነው የምጽፍልህ። ደብዳቤውን ይዛልህ የምትሄደው የጤና ጣቢያችን ነርስ ሥርጉት ናት፤ ከአዲስ አበባ ትልክልኛለች።

መኪኖቹ መጥተው ነበር። እኔም ባዘዝኸኝ መሠረት ሕዝቡን ሰብስቤ «ለጥገና ነው፣ አትደንግጡ» አልሁ። ሰዉ አመነኝ። እንዲያውም መንገዱ ጭቃ ነበርና ድንጋይ እያነጠፉ መኪኖቹን አሳለፉላቸው። መጀመሪያ ትልቁን ማሽን አወጡ። ቀጥሎ ትንሹን። ከዚያ ቧንቧውን፣ ሽቦውን፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ። ለጥገና ቆርቆሮ ይነቀላል ወይ ብዬ የሥራ ኃላፊውን ስጠይቀው ወረቀት አሳየኝ። እታች ስምህና ፊርማህ አለ። «ተሽጧል እኮ፣ አባ። አልነገሩዎትም እንዴ?» አለኝ። የሰው ፊት ማየት አቃተኝ።

ሊጨርሱ ሲሉ አንዱ ጫኝ አጥሩ ላይ የተንጠለጠለውን የእንዳለውን ማረሻ ከጠፍሩ በጥሶ መኪናው ላይ ወረወረው። እንዳለው አጠገቤ ቆሞ ነበር። «ኧረ እሱስ…» አለና ዝም አለ። የኔ ነው እንዳይል የተገዘተ ብረት ነው። የእነሱ ነው እንዳይል በእጁ አርሶበታል። ሌላውም ሰው እንደሱ ዝም አለ። እኔም ዝም አልሁ።

አሁን ግዝቱን አስበው። ለኩባንያህ አልገዘትሁም፤ መብራቱ እስኪበራ ነው ያልሁት። መብራቱ አልበራም። ያነሡት ጫኞቹ ናቸው። ያስነሣኸው አንተ ነህ። አይተን ዝም ያልን ደግሞ ሕፃን ሽማግሌ ሳንለይ እኛ ነን። ያችን «አይቶ ዝም ያለ» የምትለዋን አስጨምርልኝ ብለህ የጻፍህልኝ አንተ ነበርህ። ለሌባ ብለህ ያስጠመድኸው የገዛ እናትህን ያዘ።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ አልቀደስሁም። የታሰረ ካህን ሌላውን አይፈታም። ቅዳሴ ሲያስፈልግ ካህን ከቡሬ እየለመንን ነው፤ ሰዉም ቆሞ አስቀድሶ ሳይቆርብ ይመለሳል። መንገድ ሲከፈት ፍኖተ ሰላም ሄጄ ከአባቶች ፊት እቆማለሁ።

እናትህ ሹራቡን አጣጥፋ ለቤተ ክርስቲያን እቃ ቤት አስረክባለች። አንተ እስክትፈታ አትለብሰውም። ባየችኝ ቁጥር «ልጀንስ ፍታልኝ» ትለኛለች፤ ሌላ ቃል የላትም። የስምህን ነገር ስነግራት አላለቀሰችም። እኔ ግን ተጸየፍሁህ፤ የእኅቴ ልጅ ነህና ይህን ለሌላ ሰው አልናገርም።

ክንፈሚካኤል


ሮተርዳም፣ ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ

እንዴት ብዬ ሰላምታ እንደምጀምር አላውቅም። ይቅር ይበሉኝ።

አዎ፣ ተሽጧል። ወደ ሌላ አገር ሄዷል፤ እዚያም ይሥራ አይሥራ አላውቅም። ትልቁ ማሽን መጀመሪያውኑም አሮጌ ነበር፤ ቀለም ተቀብቶ ነው የመጣው። ጋዙን የሚያመላልስ ውል ተፈርሞ አያውቅም። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ቀስ በቀስ ነው፤ ካወቅኩ በኋላ ግን ዝም አልኩ። ወረቀቱ ላይ «አንተ የአገሩ ሰው ነህ፣ አንተ ብትፈርም ነገሩ ይቀላል» አሉኝና ፈረምኩ። ኩባንያው ከዚያ ፈረሰ። እኔንም አሰናበቱኝ። ብድሩን የሚከፍለው አገር ነው።

በግዝት አላምንም እያልኩ ነው የኖርኩት። ለአለቆቼ እንደ ቀልድ ነበር የማወራው። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ወዲህ ግን እሁድ እዚህ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ደርሼ እመለሳለሁ። እግሬ እሺ አይለኝም። ለእናቴ ስደውል ስልኩን ለጎረቤት ትሰጠዋለች።

መምጣት አልችልም። አዲስ ሥራ ጀምሬያለሁ፣ ፈቃድ አይሰጡኝም፤ መንገዱም እንደሚያውቁት ነው። ስሜን ጠርተው ከሌላው ሕዝብ ጋር ይፍቱኝ፤ እባክዎ። እናቴም ብትሆን ይህንኑ ነው የምትለምነው። ለመስኩ ማጽጃ የሚያስፈልገውን ሁሉ እልካለሁ።

ባምላኩ


ጎሽ ውኃ ሚካኤል፣ ሰኔ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእኅቴ ልጅ ለባምላኩ

ሰላም ላንተ ይሁን።

ከፋሲካ በኋላ መንገዱ ፋታ ሲሰጥ ፍኖተ ሰላም ሄድሁ። አባቶች ሰሙኝ፤ አንዱማ «ለነጋዴ ብረት መስቀል ታቆማለህ?» ብለው ተቆጡኝ። ቀኖናዬን ተቀብዬ ፈጸምሁ፣ ተፈታሁ። በሰኔ ሚካኤል ሕዝቡን ሰብስቤ እኔም ፈታሁ። ከእንዳለው ጀመርሁ። ከዚያ ሽማግሌዎቹን፣ ሴቶቹን፣ በእናታቸው ጀርባ ሁነው ያዩትን ሕፃናት ሳይቀር።

ደብዳቤህ ካባዬ ውስጥ ነበር። አልደብቅህም፣ ልፈታህ ነበር። ንዴቴ አልበረደም፤ ጄኔሬተሩም፣ አምፖሉም፣ ማረሻውም ከሆዴ አልወጡም። ነገር ግን የታሰረን ሰው መፍታት ሥራዬ ነው። በመጨረሻ በክርስትና ስምህ «ኃይለ ሚካኤል» ብዬ ጠራሁ። እናትህ ከሴቶች መቆሚያ በመቋሚያዋ ተደግፋ ተነሣች።

«የሱን ተወው» አለች።

ደነገጥሁ። «እቴ፣ ፍታልኝ እያልሽ ስትለምኚኝ የኖርሽ አንች አይደለሽም?»

«ፍታልኝ ያልሁህ መጥቶ የሚፈታ መስሎኝ ነው» አለች። «ከሩቅ ፈረመ፣ ከሩቅ ዋሸን፣ አሁን ደግሞ ከሩቅ ሊፈታ ነው? እኔ ያን አምፖል ይዠ የቆምሁ እሱን ብየ ነው። ዛሬ ከፈታኸው በምን ይመጣል? እግር አለው። መጥቶ መስኩን አይቶ፣ እንዳለውን ዓይን ዓይኑን አይቶ ይፈታ።»

ሰዉ ሁሉ እኔን ያይ ነበር። መስቀሌን አወረድሁ።

ከሰዓት አጥሩን አፈረስነው። ከብቱ ገብቷል፤ ኮንክሪቱን እየዞረ በየስንጥቁ የበቀለውን ይግጣል። ለመስኩ ማጽጃ የምትልከው ነገር አያስፈልገንም። ሹራቡ እቃ ቤት ነው፤ ብል እንዳይበላው ወይራ አጢሼለታለሁ።

መልስ ስትጽፍ የምትመጣበትን ቀን ከሰላምታው አስቀድመህ ጻፍ። ደብዳቤህን ሳነብላት እናትህ የምትጠይቀኝ እሱን ብቻ ነው።

አጎትህ ቄስ ክንፈሚካኤል